ዝሆኔ በዘር ነው? ከሰባት ቤት ቆጠራ እስከ ነጠላ ሕዋስ

በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሽማግሌዎች የልጁንም የልጅቱንም አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። መገናኛው ከሰባት ቤት በታች ከሆነ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ይህ ልማድ በሒሳብ ሲታይ የዋዛ አይደለም። የአጎትና የአክስት ልጆች በአማካይ ከዲኤንኤያቸው አንድ ስምንተኛውን ይጋራሉ። የጋራ አያቶቻቸው ሰባት ትውልድ ወደ ላይ የራቁ ሁለት ሰዎች ግን የሚጋሩት በአማካይ ከ8,192 አንድ እጅ ብቻ ነው። በየትውልዱ ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ እያለ እየሳሳ ይሄዳል።

ሽማግሌዎቹ ግን ቤት ቆጥረው ብቻ አይነሱም። «በዘራቸው በሽታ አለ ወይ?» የምትል ጥያቄ አብራ ትመጣለች። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አገር ከዚህች ጥያቄ ጀርባ ካሉት በሽታዎች አንዱ ዝሆኔ ነው። እግሩ ያበጠ አጎት ያላት ልጅ፣ እሷ ምንም ሳትሆን፣ ሳትጠየቅ ልትቀር ትችላለች።

ከላላ ቤተሰብ ለመጠየቅ ሄጄ ሳለ አንዲት 11ኛ ክፍል የምትማር ዘመዴ «ግን ምንድን ነው የምታጠናው?» አለችኝ። «ስታቲስቲካል ጄኔቲክስ» ብዬ ማብራራት ስጀምር እናቷ ከጓዳ ሆና ሰማችኝ። «እስቲ እንግዲህ ከተማርክ አይቀር ንገረን፤ ዝሆኔ በዘር ነው አይደል?» አለችኝ። የምትጠብቀው «አዎ» ወይም «አይደለም» ነበር። ሁለቱም ግን ስህተት ናቸው። ለምን ስህተት እንደሆኑ ለማሳየት ደግሞ ይህ ሙያ ምን እንደሚሠራ ከሥሩ መናገር ያስፈልጋል።

አፈሩ

በመጀመሪያ ስለየትኛው ዝሆኔ እንደምናወራ እንለይ። በቆላ አካባቢ ትንኝ በምታስተላልፈው ትል ምክንያት የሚመጣ የእግር እብጠት አለ። በደጋ ያለው ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ለዓመታት ሲመረምረው ቆይቶ ትልም ትንኝም እንደሌለበት አሳየ። መነሻው እሳተ ገሞራ ትቶት ከሄደው ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ የሸክላ አፈር ነው። በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት የተሠራ ነው። በአብዛኛው የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ፣ ዝናብ በማይነሳው አገር ነው።

በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ከዚህ አፈር እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ይገባል። የሰውነት ጽዳት ሠራተኞች የሆኑት ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት ብናኙን ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይችሉም። ከዚያ በኋላ ቁጣ ይቀሰቀሳል። የሊምፍ ቱቦዎች ይቆስላሉ፣ በጠባሳ ይደፈናሉ፣ ውኃው መውጫ ያጣል፣ እግር ያብጣል። ይህ በአንድ ክረምት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ዓመታት ይፈጃል።

ስንት ሰው ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ያሳያል። ከመካነ ሰላም ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ብታዩ ዓባይን ተሻግሮ ያለው አገር ጎጃም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በተቃኙት ቦታዎች ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ መቶ ሰዎች ሦስት የሚሆኑት ታመው ተገኝተዋል።

ሦስት ሰዎች። የቀሩት 97ቱስ? እነሱም በዚያው አፈር ላይ አርሰዋል፣ ያንኑ ገበያ በባዶ እግራቸው ሄደዋል። ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

63 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2007 ጌይል ዴቪ ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች አገራት ተመራማሪዎች ጋር በሽታው በተከታታይ ትውልድ የታየባቸውን 59 ቤተሰቦች የዘር ሐረግ መረመረች። ሥራው ከሽማግሌዎቹ ቆጠራ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ ቆጠራው ወደ ቀመር መግባቱ ነው። የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድል ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። «በዘር የመወረስ መጠን» የሚባለው ቁጥር ደግሞ 63 በመቶ ሆነ።

ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በስህተት ይረዳዋል። እኔም ተሳስቼ ነበር። «ከበሽታው 63 በመቶው የዘር፣ 37 በመቶው የአፈር» ይመስላል። እንዲያ አይደለም።

ገብስ አስቡ። የተለያየ የገብስ ዝርያ ቀላቅላችሁ አንድ ወጥ የሆነ ማሳ ላይ ዝሩ። ሲያፈራ አንዱ ረዝሞ ሌላው አጥሮ ብታዩት ልዩነቱ በሙሉ ከዘሩ ነው፤ አፈሩም ዝናቡም ለሁሉም እኩል ነበራ! ያንኑ ድብልቅ ዘር አሁን ግማሹን ለም መሬት ላይ፣ ግማሹን ጭንጫ ላይ ዝሩት። የልዩነቱ ትልቅ ድርሻ ወደ አፈሩ ይዞራል፤ የዘሩ ድርሻ ይወርዳል። ዘሩ ግን ቅንጣት አልተቀየረም።

ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን በአንድ ቦታና በአንድ ዘመን ባሉ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደመጣ ነው። ሁሉም በባዶ እግሩ በሚሄድበት መንደር አፈሩ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ልዩነቱ የግድ ወደ ዘር ይገፋል። በዚያው መንደር ሕፃናቱ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጫማ ቢያደርጉና እግራቸውን ቢታጠቡ ግን ጂኖቻቸው እንዳሉ ሆነው በሽታው ይጠፋል። ከፍተኛ የመወረስ መጠን እና መቶ በመቶ መከላከል አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። «በዘር ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚለው አባባል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ለታመመም ቢሆን መፍትሔ አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ እግርን እንደ ማጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ ባለ እንክብካቤ የሚያሠቃየው ድንገተኛ የእግር ትኩሳትና ሕመም 19 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ፊደሏን ፍለጋ

እሺ፣ የዘር ድርሻ ካለ የትኛው ጂን ነው? ይህን ጥያቄ የያዘው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለ ነው። ወደ ጂኖቹ ከመግባቱ በፊት ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ጥናት አሳትሟል፣ እ.ኤ.አ. በ2009። ርዕሱ መገለል ሰዎችን በዘር ምርምር ውስጥ ለማሳተፍ ፈቃድ በመጠየቅ ሂደት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ነበር። ደም ሊቀዳ የመጣ ሰው አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሲቆም ጎረቤት ያያል። «እዚያ ቤት አለ ማለት ነው» ይባላል። ከዚያ የሰባት ቤት ቆጠራው ይከተላል። ምህንድስና ስንማር «መለኪያው የሚለካውን ነገር እንዳይረብሽ» ተብለን ነበር። እዚህ መለኪያው የሰው ትዳር ሊረብሽ ይችላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የሰው ጂኖም ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። ሁለት ሰዎች ብታነጻጽሩ ከሺህ ፊደል በአንዱ ገደማ ይለያያሉ። ሥራው የታመሙ ሰዎችንና፣ በዚያው አፈር ላይ ኖረው ያልታመሙ ሰዎችን ወስዶ፣ በመላው ጂኖም ላይ እነዚህን የሚለያዩ ፊደላት አንድ በአንድ ማወዳደር ነው። «ይህች ፊደል በታመሙት ላይ በዝታ ትታያለች?» እያሉ መቶ ሺዎችን ወይም ሚሊዮኖችን ጊዜ መጠየቅ ነው።

ወጥመዱ ያለው ብዛቱ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር በአጋጣሚ የመከሰት ዕድሉ ከ100 አምስት በታች የሆነን ነገር «ይህስ አጋጣሚ አይደለም» እንላለን። አንድ ሚሊዮን ፊደል በዚህ ሚዛን ብትመዝኑ አንድም እውነተኛ ነገር ሳይኖር 50,000 የሚሆኑ ፊደላት በባዶ ሜዳ «ተገኘን» ብለው ይጮኻሉ። ስለዚህ የዘርፉ ሰዎች መስፈርቱን ለአንድ ሚሊዮን አካፍለው ከ20 ሚሊዮን አንድ አደረጉት። ከዚያ በላይ በአጋጣሚ ሊሆን የሚችል ነገር እንደ ግኝት አይቆጠርም።

ሁለተኛው ወጥመድ የእኛ አገር ተማሪ ቶሎ የሚገባው ነው። ታማሚዎቹን ሁሉ ከወላይታ፣ ጤነኞቹን ሁሉ ከመንዝ ሰበሰብን እንበል። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል በታሪክ ብቻ የመጣ የፊደል ልዩነት ሁሉ የበሽታው ጂን መስሎ ይወጣል። እንዲያውም በዚህ አያያዝ «እንሰት የመብላት ጂን» ማግኘት አያቅትም! ከዚህ የሚያመልጡበት አንዱ መንገድ በጣም ያምራል፦ የታመመውን ልጅ ከእናቱና ከአባቱ ጋር መመርመር። እናት ካላት ሁለት ቅጂ አንዱን ለልጇ ታስተላልፋለች፣ እንደ ሳንቲም ውርወራ ግማሽ በግማሽ ነው። ተጠርጣሪዋ ፊደል ለታመሙ ልጆች ከግማሽ በላይ ጊዜ ከተላለፈች ጥፋቱን በብሔር ወይም በአካባቢ ልዩነት ማሳበብ አይቻልም፤ ንጽጽሩ ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነውና።

ፋሲልና ባልደረቦቹ ይህን ሁሉ አደረጉ። ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ታማሚዎችና 203 ጤነኞች በመላው ጂኖም ተነጻጸሩ፤ ከዚያ 202 እናት-አባት-ልጅ ሦስትዮሾች ለማረጋገጫ ተመረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ታተመ። ምልክቱ የወደቀው በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤችኤልኤ ክፍል ሁለት በሚባለው ሰፈር ነው። ዋናዋ ፊደል በታማሚዎች ዘንድ የመገኘት ዕድሏ ከጤነኞቹ 2.44 እጥፍ ነበር።

አራት መቶ ሰው በዚህ ሙያ ጥቂት ነው። ስለዚህ «እውነት ነው?» ተብሎ በድጋሚ መፈተን ነበረበት። ሁለተኛው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ፤ 1,892 አዳዲስ ተሳታፊዎች፣ ከወላይታ፣ ከአማራና ከኦሮሞ። ምልክቱ ተመልሶ እዚያው ሰፈር ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ውጭ አዲስ ቦታ አልተገኘም። ጎልታ የወጣችው ፊደል ጎረቤት ስትሆን የዕድል ንጽጽሯ 1.53 ነበር። ከ2.44 ያነሰ መሆኑ አያስደንቅም። መጀመሪያ ጎልቶ የታየ ነገር ብዙ ጊዜ በከፊል ዕድል አግዞት ነው የሚጎላው፤ ሰው ሲጨመር ወደ ልኩ ይመለሳል። ለእኔ ከቁጥሩ በላይ የሚገርመኝ በሦስት ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች ላይ ያንኑ ደጃፍ ማንኳኳቱ ነው።

ፋሲል በኋላ ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሄዶ በናይጄሪያዊው ቻርልስ ሮቲሚ ዙሪያ ካሉ ተመራማሪዎች ጋር ሠራ፤ ከዚያም የእንግዴ ልጅ ውስጥ ጂኖች እንዴት እንደሚሠሩና ከጽንስ ዕድገት ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው የሚያጠና ቡድን መራ። ከእግር ወደ እንግዴ ልጅ ሩቅ ይመስላል። ሒሳቡ ግን አንድ ነው።

አንድ ፊደል፣ አንድ ሕዋስ

አድራሻውን አገኘን። ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ግን አላወቅንም። በእንዲህ ዓይነት ጥናት ከሚገኙ ፊደላት ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ፕሮቲን በሚያዘው የጂኑ ክፍል ውስጥ አይደሉም። ከጎኑ ያሉ ናቸው፤ ጂኑ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል እንደሚነበብ የሚወስኑ እንደ መብራት ማብሪያ-ማጥፊያ ያሉ።

ለዚህ ከእኛው አገር የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ወባ ይዞት እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ሲገባ ዳፊ የሚባል ፕሮቲንን እንደ በር ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ይህ በር የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ እንደማይያዙ አስተዋሉ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ተገኘ፦ የአንዲት ፊደል መቀየር። ፊደሏ ያለችው ጂኑ ውስጥ ሳይሆን ማብሪያ-ማጥፊያው ላይ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ሲሠራ ጂኑን የሚያበራው ጋታ-1 የሚባል ፕሮቲን እዚያች ቦታ ላይ መቀመጥ ያቅተዋል። በደም ሥር ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ ግን ያው ጂን፣ በዚያችው በተቀየረች ፊደል፣ እንደ ወትሮው ይበራል።

ይህን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት። ፊደሏ በሰውየው ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ አለች። ሥራዋን የሠራችው ግን በአንዱ ዓይነት ብቻ ነው። (ኢትዮጵያ ውስጥ በሩ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች አብረው ይኖራሉ፤ በሩ የሌላቸው አንዳንዶችም በቫይቫክስ መያዛቸው እዚሁ ታይቷል፤ ጥገኛው ሌላ መግቢያ ሳያገኝ አልቀረም። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።)

እንግዲህ ስለ ዝሆኔ ስንጠይቅ «የትኛው ጂን?» ብቻ አይበቃም። «በየትኛው ሕዋስ?» መባል አለበት።

ከሩቅ የሚሰማ ገበያ

የከላላ ገበያ ቀን ከኮረብታ ላይ ሆናችሁ አዳምጡ። የሚሰማው አንድ ትልቅ ጫጫታ ነው። ገበያው መድመቁን ወይም መቀዝቀዙን ትለያላችሁ፤ የጤፍ ዋጋ ስንት እንደሆነና ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ግን አይሰማችሁም። ለብዙ ዓመታት የጂን ንባብ የሚለካው እንዲህ ነበር። ከቆዳ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ይፈጫል፤ በውስጡ ያለው አርኤንኤ ይቆጠራል። አርኤንኤ ጂኑ በተነበበ ቁጥር የሚገለበጥ ቅጂ ነው፤ ብዙ ቅጂ ካለ ጂኑ በርትቶ እየሠራ ነው። ሆኖም የሺህ ሕዋሳት ድምፅ ተደባልቆ ይመጣል። ከመቶ ሁለቱ ብቻ ቢቆጡ የሌሎቹ ዝምታ ይውጣቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ነጠላ ሕዋስ አርኤንኤ ሙሉ ለሙሉ ለማንበብ ተሞከረ። በ2015 ደግሞ ነገሩ ተቀየረ። ዘዴው ለመሐንዲስ ዓይን ደስ ይላል። በዘይት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ይሠራሉ፤ በአንዱ ጠብታ አንድ ሕዋስና አንዲት ቅንጣት ይገባሉ። ቅንጣቷ ላይ በዲኤንኤ ፊደላት የተጻፈ የራሷ መለያ አለ። ሕዋሱ ሲፈነዳ ቅጂዎቹ ሁሉ ያን መለያ ይለጠፍባቸዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉን ደባልቆ በአንድ ማሽን ማንበብ ይቻላል፤ ኮምፒዩተሩ በመለያው እየለየ «ይህ የዚህኛው ነው» ይላል። በዚያ ዓመት በወጣ አንድ ሥራ 44,808 የአይጥ የዓይን ሕዋሳት በዚህ መንገድ ተነበው በ39 ቡድን ተለይተዋል። ገበያው ውስጥ ገብታችሁ የእያንዳንዱን ሰው አንገት ላይ ማይክሮፎን እንደመስቀል ነው።

የሚወጣው ነገር ሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል ከ20,000 በላይ ጂኖች፣ በሌላ በኩል አሥር ሺዎች ሕዋሳት። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር አብዛኛው ዜሮ ነው። እኔ ከኤሌክትሪካል ምህንድስና ስመጣ የገረመኝ ይህ ዜሮ ነበር። ጂኑ እውነት ዝም ብሎ ነው ወይስ ተናግሮ ማሽኑ ሳይሰማው ቀርቶ? ምልክትን ከሁካታ መለየት የምንለው የድሮ ጥያቄ ነው፤ ቦታውን ቀይሮ መጣ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ውርደት ልንገራችሁ። ለልምምድ ብዬ ለሁሉም ክፍት የሆነ መረጃ አውርጄ የታመሙና የጤነኞችን ሕዋሳት አነጻጸርኩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ልዩነት አሳዩ፤ መስፈርቱን በብዙ እጥፍ አልፈው። ሌሊቱን ሙሉ ሥዕል ስሠራ አደርኩ። ጠዋት አማካሪዬ አየውና «ስንት ነው?» አለኝ። «30 ሺህ» አልኩት። «ሕዋስ አላልኩም። ሰው።» ስድስት ሰው ነበር።

አንድን ጎረቤት ስለ ዝናቡ አሥር ሺህ ጊዜ ብትጠይቁት አሥር ሺህ ምስክር አላገኛችሁም፤ አንድ ጎረቤት ነው ያላችሁ። ከአንድ ሰው የመጡ ሕዋሳት ዘሩንም፣ ዕድሜውንም፣ በዚያ ቀን የበላውንም ይጋራሉ። ሥራውን በሰው ቆጥሬ ደግሜ ስሠራው የቀሩት ጂኖች ጥቂት ናቸው። እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ባልጻፍኩት፤ ይህ ስህተት በታተሙ ሥራዎች ውስጥም እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዝርዝር አሳይቷል።

ሁለቱ ዕውቀቶች የሚጋቡት በዚህ ምክንያት ነው። ስታቲስቲካል ጄኔቲክስ ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ የነጠላ ሕዋስ ንባብ ብዙ ሕዋስ ይሰጣል። አንድ ላይ ሲሆኑ «ይህች ፊደል ያለችው ሰው ላይ፣ በዚህ ዓይነት ሕዋስ ውስጥ፣ ይህ ጂን ይበልጥ ይነበባል» ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 አውስትራሊያ ውስጥ የ982 ሰዎች 1.27 ሚሊዮን የደም ሕዋሳት ተነበው እንዲህ ተሠርቷል። ብዙዎቹ ፊደላት ልክ እንደ ዳፊዋ በአንድ ዓይነት ሕዋስ ውስጥ ብቻ ይሠሩ ነበር። ተሳታፊዎቹ ግን የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ችግሩ የአውስትራሊያ ብቻም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 በነበሩ መላ ጂኖም ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ አፍሪካውያን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በባዶ እግሩ ቀይ አፈር የሚረግጥ ገበሬ የእግር ቆዳ መልስ ከሌላ አገር ሰው ደም ውስጥ አይገኝም።

ወደ እግሩ እንመለስ። ኤችኤልኤ ክፍል ሁለት ጂኖች የሚያዙት ፕሮቲን እንደ ሰሃን ነው። እንደ ማክሮፌጅ ያሉ ሕዋሳት የዋጡትን ነገር ቁራጭ በዚህ ሰሃን ላይ አድርገው ቲ-ሴል ለሚባሉት ወታደሮች ያሳያሉ። ችግሩ ሰሃኑ የተሠራው ለፕሮቲን ቁራጭ ነው፤ አፈር ደግሞ ማዕድን ነው። እንዴት ተገናኙ? ከሌላ ቦታ አንድ ፍንጭ አለ። ቤሪሊየም የሚባለውን ብረት በሚያቀነባብሩ ፋብሪካዎች አንዳንድ ሠራተኞች የሳንባ በሽታ ይይዛቸዋል፤ አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። እ.ኤ.አ. በ1993 ልዩነቱ ከአንድ የኤችኤልኤ ክፍል ሁለት ጂን ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ብረቱ ሰሃኑ ላይ ተለጥፎ የሰውነትን የራሱን ቁራጭ ባዕድ ያስመስለዋል። የእኛ አፈርም ተመሳሳይ ነገር ይሠራ ይሆን? ይህን የሚለይ ጥናት ከአንድ ቤት የታመመና ያልታመመ ወንድም ይዞ፣ ከሁለቱም ቆዳ ቁራጭ ወስዶ፣ ሕዋስ በሕዋስ ማን እንደተቆጣ ማንበብ አለበት።

ዘመዴ የጠየቀችው ግን ስለ ሙያው ነበርና ያልኳትን ልጨምር። ለዚህ ሥራ ነጭ ካፖርት ለብሶ ላብራቶሪ ውስጥ መዋል የግድ አይደለም። እኔ ከምህንድስና ነው የመጣሁት፤ አብረውኝ ያሉት ከሒሳብ፣ ከሕክምና፣ ከእንስሳት ሳይንስ ነው የመጡት። 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ያለውን የዕድል ሒሳብ እንደ ፈተና ማለፊያ ሳይሆን እንደ ቋንቋ ያዙት። ፓይተን ወይም አር ላይ ኮድ መጻፍ ልመዱ፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። የብዙ ሺህ ሰዎች ጂኖምና የሚሊዮን ሕዋሳት ሠንጠረዥ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል። ለመጀመር አንድ መካከለኛ ላፕቶፕና፣ እውነቱን ለመናገር፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ የሚታገስ ሰው ይበቃል። ባዮሎጂውን ችላ አትበሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ ችላ ብዬው አንድ ዓመት አባክኛለሁ።

እናቷ ሁሉንም በዝምታ ሰማችና «እንግዲያው ጫማ ያደረገች ልጅ፣ አጎቷ ቢኖርበትም አይዛትም ነው የምትለኝ?» አለች። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ ካደረገችና እግሯን ከታጠበች፣ አዎ» አልኳት። ልጅቷ በበኩሏ ስለ እናት-አባት-ልጅ ሦስትዮሹ ነበር ስታስብ የቆየችው። «ግን ስንት ቤተሰብ ያስፈልጋል? አሥር ይበቃል?» አለችኝ።

ደብተር አምጥታ ከሳንቲም ጀመርን። ከመቶ ስድሳ ጊዜ በአንድ ፊቱ የሚወድቅ ያደላ ሳንቲም ካልተጭበረበረው ለመለየት ስንት ጊዜ መወርወር ያስፈልጋል? አሥር ጊዜ ወርውራ ስድስት አገኘች። «አደላ!» አለች። በደህናው ሳንቲም ደግማ ወረወረች፤ ሰባት መጣ። ሳቀች። ማዳላቱን ከአምስት ጊዜ በአራቱ መያዝ ብንፈልግ 200 ገደማ ውርወራ እንደሚያስፈልግ ሒሳቡን ሠርተን ደረስንበት። ከዚያ ገጽ መልሳ «ሚሊዮን ሳንቲም ቢሆንስ?» ብላ አዲስ መስመር ጀመረች።